ለራሷ ብለን ነው

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሐዋሳ እንደ ልማዷ የከሰዓቱን ዝናብ አውርዳ ገና ጣሪያው ሳይደርቅ፣ ጎረቤቴ በራችንን አንኳኳች። በአንድ እጇ የአሥር ዓመት ልጇን ይዛለች፤ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት።

«ጋሼ፣ እርስዎ አስተማሪ ነበሩ። እባክዎ ይቺን ፎርም ይሙሉልኝ» አለችኝ።

ጎረቤቴ መጻፍ የማትችል ሴት አይደለችም። ሱቅ አላት፤ የዱቤ መዝገቧን ከእኔ በተሻለ የእጅ ጽሕፈት ነው የምትይዘው። (በዚያ መዝገብ ስሜ ስላለ አውቀዋለሁ።) ወረቀቱን ስገልጠው የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የወላጅ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ተሞልቷል። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነው። «ልጁ የጤና ችግር ካለበት ይገለጽ» ይላል።

«እዚህች ላይ ምን እንደምል ጨነቀኝ» አለች።

ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እንዳላወቀ ግን ይሆናል። ባለፈው ዓመት በነበረበት ትምህርት ቤት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በሰልፍ መሃል ወደቀ። በማግስቱ አጠገቡ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ቦታ ቀየረ። በሳምንቱ ዴስኩ ላይ ብቻውን ሆነ። በወሩ የሁለት ልጆች ወላጆች ለአቤቱታ መጡ። ከዚያ ቢሮ ተጠራች። የተነገራት ነገር በቁጣ የተነገረ አልነበረም፤ እንዲያውም ሻይ ቀርቦላታል። «እስኪሻለው ድረስ ቤት ቢቆይ ይሻላል። ለራሱ ብለን ነው» ተባለች።

ለራሱ ብለን ነው!

ይህችን አረፍተ ነገር ስሰማ ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ። መቼም አንዳንድ ቃል ሰው ከየት እንዳመጣው ሳይሆን መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ያሳስባል። እኔ ይህችን አረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ተናግሬያታለሁና።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ከተማዋን ገና «አዋሳ» ብለን በምንጽፍበት ዘመን፣ ሥነ ጽሑፍ ወደማስተምርበት ኮሌጅ ከመሄዴ በፊት፣ እዚሁ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። ሰማንያ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ተማሪዎች የነበሩበት የዘጠነኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ቀን፣ ጠመኔ ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ፣ ከኋላዬ ዴስክ ሲንኳኳ ሰማሁ። ስዞር አንዲት ልጅ መሬት ላይ ናት። ሰውነቷ ይርገፈገፋል፤ ከአፏ አረፋ ይወጣል።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ክፍሉ ግማሹ በበር፣ ግማሹ በመስኮት ወጣ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ዘበኛ ገብቶ ክብሪት ጫረና አፍንጫዋ ሥር አጨሰላት። አንድ ልጅ ግን አልሸሸም። ከኋላዋ የሚቀመጥ፣ በትምህርቱ እምብዛም ያልሆነ፣ በነገረኛነቱ የማውቀው ልጅ ነበር። ሹራቡን አወለቀና አጣጥፎ ከራሷ ሥር ከተተላት። ማንም ሳያዝዘው። ከዚያ አጠገቧ ተንበርክኮ ጠበቀ።

በማግስቱ ያ ልጅ ሹራብ ሳይለብስ መጣ። ወቅቱ ክረምት ሊገባ ሲል ስለነበር ብርድ ነበር። ለምን እንዳልለበሰ ስጠይቀው «እናቴ ጣለችው፤ ይጋባል ብላ» አለኝ። ይህንን ሰምቼ ዝም አልኩ። የልጅቷን እናት ደግሞ አስጠራሁና ቅድም የጻፍኳትን አረፍተ ነገር፣ በጾታ ብቻ ለውጬ፣ ነገርኳት። «ለራሷ ብለን ነው፤ ሲሻላት ትመለሳለች።» እናትየው አመሰገነችኝ። አዎን፣ አመሰገነችኝ። ልጅቷ አልተመለሰችም።

አሁን ወደ ኋላ ሄጄ ራሴን ልገርፍ አይደለም። በሃያ ምናምን ዓመቴ የማላውቀው ብዙ ነበር። ነገር ግን አለማወቄ በሽታውን እንጂ አረፍተ ነገሩን አይመለከትም። «ለራሷ» የሚለው ቃል እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ትበቃለች፦ ከዚያስ?

ለእሷ ብዬ ከሆነ ቤት ያስቀመጥኳት፣ ደብተር የወሰደላት ማን ነው? ፈተና የላከላት? በሳምንት አንድ ቀን ሄዶ «እንዴት ነሽ?» ያላት? ማንም። እኔም አልሄድኩም። ደግሞስ ከክፍል አውጥቼ የላክኋት ወዴት ነው? ሴት ልጅ ቤት ስትቀር መደብ ላይ ተቀምጣ አትውልም፤ ምድጃ ዳር ነው የምትውለው። የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ በአገራችን ከሚደርሱት ክፉ ጉዳቶች ዋነኛው የእሳት ቃጠሎ ነው። እሳት ላይ መውደቅ፣ ውኃ ውስጥ መውደቅ። ጥቁር ሰሌዳ ያቃጠለው ሰው የለም። እንግዲህ «ለራሷ» ብዬ ከሰሌዳው ወደ እሳቱ መራኋት ማለት ነው። በትክክለኛ አማርኛ የተናገርኩት «ለራሴ ብዬ ነው» ነበር። የክፍሌ ጸጥታ እንዳይናጋ፣ ሁለተኛ እንዳልደነግጥ፣ ወላጆች እንዳይመጡብኝ።

ስለ በሽታው ጥቂት ላውጋችሁ፤ ዛሬ የማይታወቅ ነገር አይደለም። አንጎላችን ሥራውን የሚያከናውነው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክቶችን በመለዋወጥ ነው። ይህ ልውውጥ ለአፍታ ሥርዓቱን ሲያጣ፣ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲተኩሱ፣ ሰውየው ይወድቃል፤ ወይም ሳይወድቅ ይፈዛል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ይህንን የአንጎል ኤሌክትሪክ ከሰው ራስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ነው። መነሻው በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ የራስ ምት፣ እንደ ማጅራት ገትር ያለ ሕመም ወይም በዘር የሚመጣ ነገር ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎቹ ላይ ምክንያቱ አይገኝም። የማይሆነው ግን የታወቀ ነው፤ በአረፋ፣ በትንፋሽ፣ በመንካት አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ በአግባቡ ቢመረመሩና ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ፌኖባርቢታል ነው። ለዚህ በሽታ መዋል ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ርካሽ ነው፤ በጤና ጣቢያ ደረጃም ይሰጣል። በእርግጥ አንዳንዴ ይጠፋል፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ከቀድሞው የባሰ ሊጥል ይችላል። ጠበል የሚጠመቀውም፣ ጸሎት የሚደረግለትም ክኒኑን ያላቋረጠ እንደሆነ ችግር የለም። ችግሩ «ካመንክ ጣለው» ሲባል ነው።

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ የተጠና ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉት ጥናት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የታተመው፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 ሕሙማን አግኝቷል። ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። ቡታጅራ ከሐዋሳ ሩቅ አይደለችም። በዚህ ሒሳብ ሁለት ሺህ ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ውስጥ አሥር ያህል ልጆች ሊኖሩ ይገባል። እስቲ የምታውቁትን አንድ ርዕሰ መምህር ጠይቁት። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ የለም» ካላችሁ፣ አሥሩ የት ሄዱ? ወይ ተደብቀው ክፍል ውስጥ አሉ፣ ወይ ቤት ናቸው።

ከተደበቁት መካከል ራሳቸውም የማያውቁ አሉ። የሚፈዙትን ማለቴ ነው። ለጥቂት ሴኮንድ ዓይናቸው ይተክላል፣ ይቆማሉ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላሉ። ይህም አንዱ የበሽታው መልክ ነው። እኛ መምህራን ደግሞ «አንተ! ልብህ የት ነው ያለው?» እንላለን። በእኔ ዘመን በአርጩሜ ነበር የምንላቸው። መድኃኒት የሚወስደው ልጅ ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለው፣ ቀስ ሊል ይችላል፤ እሱን «ሰነፍ» እንለዋለን። እንዲህ እያልን ስንት ልጅ በገዛ ብዕራችን ከመጨረሻ ሁለተኛ እንዳወጣን ፈጣሪ ይቁጠረው።

እስቲ አንዴ ወደ ቀድሞ ሙያዬ ልመለስ። ለብዙ ዓመታት የሼክስፒርን «ኦቴሎ» አስተምሬያለሁ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን። ስለ ቅናት አውርተናል፣ ስለ መሐረቡ አውርተናል፣ ተማሪዎቼ ስለ መሐረቡ የጻፉት ወረቀት ተደራርቦ ቤት ይሞላል። በአራተኛው ገቢር ላይ ኦቴሎ እንደሚወድቅ ግን አልፌው ነው የምሄደው። ያን ጊዜ ካሲዮ ይገባል። አዛዡ ወድቆ ሲያይ ሊረዳው ይፈልጋል፤ ግንባሩን ግራና ቀኝ እናሸው ይላል። የሚከለክለው ማነው? ኢያጎ። ተወው፣ ከነካኸው አረፋ ይደፍቃል፣ አውሬ ይሆናል፤ አንተ ለጊዜው ዞር በል፣ ራሱ ይነቃል ይለዋል። ካሲዮም ዞር ይላል። ያ ሁሉ ዘመን ሳስተምር ያልታየኝ ይህ ነው። ሊረዳ የመጣውን ሰው በፍርሃት ወሬ ያባረረው የድራማው ክፉ ሰው ነው፤ ያባረረውም በምክር ቃና ነው። ሻይ አላቀረበም እንጂ።

ዶስቶየቭስኪም ይህ በሽታ ነበረበት። «ዘ ኢዲየት» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ልዑል ሚሽኪንን የራሱን ሕመም ሰጥቶታል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «አየህ፣ ሊቆች የሚይዛቸው በሽታ ነው» ይላሉ። ይህንን ማጽናኛ አልወደውም። የጎረቤቴ ልጅ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ዶስቶየቭስኪ መሆን የለበትም። ስለ ሰውየው እኔን የሚነካኝ ሌላ ነገር ነው፤ አልዮሻ የተባለው ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ1878 በዚሁ በሽታ ሞተበት። ቀጥሎ በጻፈው በ«ካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ ደጉን ልጅ አልዮሻ አለው።

ወደ ፎርሙ እንመለስ። ጎረቤቴ ፊቴ ተቀምጣ መልስ ትጠብቃለች።

በአማርኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ልላት ያሰብኩትም ይህንኑ ነበር። ደግሞም እውነት ነው። ልጁ ደረጃ ላይ ቢወድቅ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ምን መሆኑን ካላወቀ፣ ማንኪያ በጥርሱ መሃል ሊከት፣ እጅ እግሩን ሊጨብጥ፣ ውኃ ሊደፋበት ይችላል። የሚያስፈልገው ግን ቀላል ነው። ስለት ያለውንና ጠንካራውን ነገር ከአካባቢው ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት ማየት፣ እስኪነቃ አብሮ መቆየት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን አንድ ሰው ማወቅ አለበት። ስለዚህ መናገር አለባት።

ነገር ግን ምሳሌያችን አንድ ነገር አስቀድሞ እንደተፈጸመ ይቆጥራል። በሽታህን ስትገልጥ ከፊትህ የተቀመጠው ሰው መድኃኒት ያዥ እንደሆነ። በር ያዥ ከሆነስ? ባለፈው ዓመት እውነቱን ተናግራለች፤ ከወደቀ በኋላ የሐኪም ወረቀት ሳይቀር ወስዳ አሳይታለች። በእውነቷ የተሰጣት ሻይና ስንብት ነው። ዘንድሮ «የለበትም» ብላ ብትጽፍ ውሸታም ልንላት ነው? እውነት መናገር ግዴታ ነው የምንል ሰዎች፣ እውነት የተነገረው ሰው ግዴታ ምን እንደሆነ ብዙም አንናገርም። እናት ሁለት አደጋ ቀርቦላት አንዱን ምረጪ ተብላለች፦ ሳያውቁ ይጉዱት ወይስ አውቀው ያስወጡት? እንዲህ ያለውን ምርጫ ያቀረበላት ሌላ፣ በሐሰተኛነት የምትከሰሰው እሷ።

ሲዳማዎች ዘንድ ሽማግሌዎች ለነገር ሲቀመጡ ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት «አፊኒ?» ብለው ይጠያየቃሉ። ሰማችሁ ወይ፣ አወቃችሁ ወይ እንደማለት ነው። ሳይሰማ የሚፈርድ የለም። በዚች ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬ፣ ይህንን ቃል ሠርግም ልቅሶም ላይ ሰምቼ፣ ያንን የትምህርት ቤት ቢሮ ሳስበው «አፊኒ» ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። ልጅቷን፣ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት ቅድሚያ ይታሰብ ይላል። እንግዲህ «ለራሷ» የሚለው ሐሳብ የሕግም ቃል ነው። ቃሉ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ባለቤቷ ሳትጠየቅ በስሟ መናገራችን ነው።

ለመምህሩም ግን ልሟገት። ሰባት ሰማንያ ልጅ ይዞ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ማንም ምንም አላሠለጠነውም፤ ልጁ እጁ ላይ ቢሞት የሚጠየቀው እሱ እንደሆነ ያስባል። የሌሎቹ ልጆች ፍርሃትም የውሸት አይደለም፤ ሰው ሲወድቅ ማየት ያስፈራል። እኔ ራሴ ፈርቻለሁ። ነገር ግን ፍርሃት ቦታ ያስለቅቃል ከተባለ፣ መልቀቅ ያለበት ማነው? የፈራው ወይስ የተፈራው? ደግሞም በዚያ ቀን ያየሁትን አልረሳውም። ልጆቹ በመስኮት የወጡት እኔ መቆሜን አይተው ነው። ያ ሹራብ ያወለቀው ነገረኛ ልጅ ብቻ ወደ እኔ አላየም፤ ወደ እሷ ነው ያየው። ሹራቡን ያስጣለው ደግሞ አዋቂ ሰው ነው። ልጆች ይህንን ፍርሃት ይዘው አይወለዱም፤ እቤት የሚያስጠናቸው አለ።

ዛሬ ነገሩ ጨርሶ እንደ ያኔው ነው ማለት ግፍ ይሆናል። ሕመሙ ኖሮባቸው በአደባባይ የሚናገሩ ሰዎች መጥተዋል፤ ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያን የመሠረተችው እናት የውነቱ አንዷ ናት። ሐዋሳም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያላት ከተማ ሆናለች። የጎረቤቴ ልጅ ክትትል አለው፤ ክኒኑን ማታ ማታ ይውጣል፤ ከሰኔ ወዲህ አልወደቀም። ብቻ እናቱ ሐይቁ ዳር እንዳይሄድ ከልክላዋለች። ሌሎቹ ልጆች ፍቅር ሐይቅ ሄደው አባ ኮዳዎቹን ዓሳ ሲያበሉ እሱ ሱቅ ውስጥ ነው የሚውለው። በዚህ ልፈርድባት አልችልም፤ ውኃ ነው።

«ታዲያ ምን ልጻፍ ጋሼ?» አለችኝ ለሦስተኛ ጊዜ።

እውነቱን ለመናገር፣ መልስ አልነበረኝም። «ሰኞ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። «ከመሙላታችን በፊት እኛ እንጠይቃቸው። ይህንን መስመር ብንሞላ ምን ታደርጉበታላችሁ? የክፍል ኃላፊው ማነው? ቢወድቅ ምን ትላላችሁ? እንበላቸው።»

«እምቢ ካሉስ?»

«እምቢ ካሉ...» ብዬ አቆምኩ።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ የቤታችንን ድመት እያሻሸ ነበር። ስለ እሱ አርባ ደቂቃ ስናወራ እኔ፣ «አፊኒ» ምናምን እያልኩ የማስበው ሰውዬ፣ አንድ ቃል አልጠየቅሁትም። ዞር አልኩና «አንተስ? ምን ይጻፍልህ?» አልኩት።

አሰበ። ድመቷን ለቀቃት።

«ክብሪት አይጫሩብኝ በልልኝ» አለ። እናቱ «በሉልኝ በላቸው» ብላ ገሠጸችው። «ክብሪት አይጫሩብኝ በሉልኝ። ስነቃ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም።»

መነጽሬን አደረግሁና ጻፍኩት። መስመሩ አጭር ስለነበር ከ«ክብሪት» በኋላ ያለውን ወደ ጀርባው አዞርኩት።